«ትውልደ ኢትዮጵያዊት» ከተባለ በኋላ፤ ስለ ሩት ነጋ የትወና ሥራ

አንድ የትወና ሰው በባዕድ አገር መድረክ ወይም በቴሌቪዥን መስኮት ስም ሲያተርፍና የዘር ሐረጉ ከእኛ ጋር ሲገናኝ፣ የአገራችን ጋዜጦችና የሬዲዮ ዝግጅቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ ሐሰት የለበትም። የሚያስቆጨው ጽሑፉ በዚሁ ቃል ተጀምሮ በዚሁ ቃል ማለቁ ነው። ተዋናይቱ ምን ተጫወተች? እንዴት አድርጋ ተጫወተችው? የሰመረላት የቱ ነው፣ ያልሰመረላትስ? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይነሡ ሐያሲው እንደ ጋብቻ ሽማግሌ ሰባት ቤት ቆጥሮ ይነሣል።

በዚህ ዓይነት ብዙ ከተነገረላቸው፣ በሥራቸው ግን እምብዛም ካልተመረመሩት መካከል ሩት ነጋ አንዷ ናት። ይህ ጽሑፍ ሥራዋን ለመመርመር ይሞክራል፤ የሚመረምረውም ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከጭሮና ከገለምሶ ተመልካች ወገን ቆሞ ነው። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ጨርጨር ቡናውንም ጫቱንም ሰውንም ወደ ውጭ ሲልክ የኖረ አገር ነው። ከ1969–70 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ወዲህ ከሐረርጌ የወጡ ቤተሰቦች በጅቡቲ፣ በሶማሊያና በቀይ ባሕር ማዶ አድርገው እስከ አውሮጳና አሜሪካ ተበትነዋል። ዛሬ ገለምሶ ተቀምጦ የሳተላይት ቴሌቪዥን የሚመለከት ሰው በሚኒያፖሊስ ወይም በለንደን የተወለደ የወንድም ልጅ ሊኖረው ይችላል። የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ በቴሌቪዥን ላይ ምን ሆና ትታያለች የሚለው ጥያቄ ለእንዲህ ያለው ተመልካች የሩቅ ወሬ አይሆንም።

ሩት ነጋ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ ነበሩ። አራት ዓመት ሲሞላት ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄደች። አባትየው ሊከተሏቸው አስበው ነበር፤ ነገር ግን ልጃቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በመኪና አደጋ ሞቱ። ሩት በሊመሪክ በእናቷ ወገኖች መካከል አደገች፣ ኋላም ለንደን ገብታ ትምህርቷን ቀጠለች፣ ከዚያም ወደ አየርላንድ ተመልሳ በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ትወና አጠናች። የአባቷን ስም ባዕዳን «ጋ»ን በሁለት ፊደል ደርበው ይጽፉታል፤ ሳያስቡት የቃሉን መጥበቅ ጠብቀውልናል።

በዚያን ዘመን አየርላንድ ሰው ወጥቶ የሚሄድባት እንጂ ሰው መጥቶ የሚሰፍርባት አገር አልነበረችም። አንዲት ጠይም ልጅ በሊመሪክ ጎዳና በመልኳ ትለያለች፤ ያችው ልጅ ለንደን ስትገባ ደግሞ አፏን በከፈተች ቁጥር በአየርላንዳዊ አነጋገሯ ትለያለች። በሁለቱም ከተሞች ሌላው እንዴት እንደሚናገር አጥብቆ ማዳመጥ ለእንዲህ ያለች ልጅ የኑሮ ግዴታ ይሆናል። ሐዘኑን ለጋዜጠኛ ትተን ሐያሲው ሊይዘው የሚገባው ይህንን ጆሮ ነው። የሩት ነጋ ትወና ምንጩ ጆሮዋ ነውና።

ማስረጃው በሥራዋ ውስጥ ይገኛል። በመድረክ በኩል እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር ከሔለን ሚረን ጋር በ«ፌድር» ተውኔት ተሰለፈች፣ በማግሥቱ ዓመት በዚያው ቴአትር በ«ሐምሌት» ውስጥ ኦፊልያን ተጫወተች። በዚያው በ2010 ቴሌቪዥኑ ደግሞ ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት አፎች ጠየቃት። አንደኛው የደብሊን ወንበዴዎችን ኑሮ የሚያሳየው የአየርላንድ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ «ላቭ ሄት» ነው፤ ሁለተኛው የእንግሊዝ ወጣት ጥፋተኞች ተረት የሆነው «ሚስፊትስ» ነው። በ2011 ደግሞ ቢቢሲ ባዘጋጀው «ሸርሊ» በተባለ ድራማ የዘፋኟን የሸርሊ ባሲን ወጣትነት ተጫወተች። ባሲ ከናይጄሪያዊ አባትና ከእንግሊዛዊት እናት በዌልስ፣ በካርዲፍ ወደብ ሰፈር የተወለደች ናት። የስደተኛ ልጅ የስደተኛን ልጅ ተጫወተች ማለት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ተዋናይቱ የዝነኛዋን ዘፋኝ እጅና ትከሻ በመቅዳት አለመርካቷ ነው። ባሲ በወጣትነቷ የሰፈሯን አነጋገር ደረጃ በደረጃ እየጣለች የመድረክ እመቤት አፍ ስትለምድ ሩት ያንን ለውጥ በየትዕይንቱ ትለካዋለች፤ ቁጣ በመጣ ጊዜ ደግሞ የተቀበረው የካርዲፍ ቃና ከሥር ብቅ ይላል። ይህ ብዙ ሥራ የሚጠይቅ ነገር ነው፣ ሳይታይም የሚያልፍ ነው።

ሁሉም ሥራዋ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአሜሪካው «ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ» ተከታታይ ድራማ ውስጥ የተጫወተቻት ሬይና አበባማ ቀሚስ ለብሳ የምትመጣ፣ በፈገግታዋ የምታስፈራ ምሥጢረኛ ሴት ናት። ጽሑፉ ከዚያ ያለፈ ነገር አልሰጣትም፤ እርሷም ለረዥም ጊዜ ያንኑ ፈገግታ ስትደጋግም እንመለከታለን። የሚገርመው በሁለተኛው ዙር የገጸ ባሕርይዋ ፊት በእሾህ በተሸፈነ ጊዜ የተፈጠረው ነው። ውበቷ ተሰወረ፣ ከዓይኗና ከድምፅዋ በቀር መሣሪያ አልቀረላትም፤ ትወናዋ የዳነውም ያን ጊዜ ነው። በ2016 የወጣውን «ዎርክራፍት» የተባለ የጦርነት ፊልም በተመለከተ ግን ዝም ማለት ይሻላል።

በ2016 ተጀምሮ በ2019 የተፈጸመው «ፕሪቸር» የሚባለው ተከታታይ ድራማ ሰፊውን ተመልካች ያስተዋወቃት ሥራ ነው። ሥራው ደም የበዛበት፣ በሃይማኖት ነገር የሚያላግጥ፣ ለብዙ ቤተሰብ ሳሎን የማይመች ነው፤ ይህ ጸሐፊም በአራቱም ዙር አብሮት ለመዝለቅ ትዕግሥት ጠይቆታል። ቱሊፕ የተባለችው ገጸ ባሕርይ በመነሻው የሥዕል ታሪክ ውስጥ ነጭ ቆዳና ወርቃማ ጠጉር ያላት ናት። ሚናው ለዘር ሐረጓ ተብሎ ያልተጻፈ ነበር ማለት ነው፤ ይህም ከብዙ ጥቁር ተዋናዮች ዕጣ የተለየ ያደርገዋል። በመጀመሪያው ክፍል ቱሊፕ በበቆሎ ማሳ መካከል በሚከንፍ መኪና ውስጥ ትታገላለች፤ ወዲያው ደግሞ በአንድ የገበሬ ቤት ሁለት ሕፃናትን አሰልፋ ከቆርቆሮ ጣሳ የቤት መድፍ ትሠራለች። ለሕፃናቱ የምትነግራቸው እንደ አስተማሪ ነው፤ ረጋ ብላ፣ እያበረታታች፣ የቴክሳስን አነጋገር ሳታጋንን። ግድያውንና ሞግዚትነቱን በአንድ ድምፅ መያዟ ለገጸ ባሕርይዋ እምነት አስገኘላት። ጽሑፉ በኋለኞቹ ዙሮች ሲላላ እንኳ ያ ድምፅ አልላላም።

ስለ ሩት ነጋ የሚነሣ ክርክር ሁሉ የሚያርፈው ግን «ላቪንግ» በተባለው ፊልም ላይ ነው፤ ፊልሙን መመልከት የቻለ ሁሉ፣ በተለይ ትወና የሚያስተምር ሰው፣ ደጋግሞ ቢያየው አይከፋም። ጀፍ ኒኮልስ ያዘጋጀው ይህ የ2016 ሥራ የእውነተኞቹን ባልና ሚስት የሪቻርድና የሚልድሬድ ላቪንግን ታሪክ ይተርካል። ባልየው ነጭ ግንበኛ፣ ሚስቲቱ ጥቁር የገጠር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1958 ቨርጂኒያ የሁለቱን ዘሮች ጋብቻ በሕግ ትከለክል ስለ ነበር ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ሲመለሱ ሌሊት ከአልጋቸው ላይ ተያዙ። ዳኛው የአንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ ቅጣቱ የሚቀርላቸው ከቨርጂኒያ ወጥተው ለ25 ዓመት አብረው ካልተመለሱ ብቻ ነበር። ሚልድሬድ በ1963 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች፤ ነገሩም ደረጃ በደረጃ ተጉዞ በሰኔ ወር 1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያን ዓይነቱን ሕግ በአገሪቱ ሁሉ ሻረ።

ይህን የመሰለ ታሪክ በሌላ አዘጋጅ እጅ ቢወድቅ የፍርድ ቤት ንግግር ይሆን ነበር። ኒኮልስ ግን ከፍርድ ቤቱ ይልቅ ቤቱን መረጠ፤ ምርጫው የሚቆመውም የሚወድቀውም በተዋናይቱ ላይ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው በሩት ፊት ነው። ምሽት ነው፣ ሚልድሬድ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፣ ትንፋሽ ትይዛለች፣ ዓይኗን ታነሣለች፣ መልሳ ትሰብራለች። ተመልካቹ ምን እንደሆነች ሳያውቅ ይጠብቃል። ከዚያ ማርገዟን ለሪቻርድ ትነግረዋለች። የምትናገረው ጥቂት ቃል ነው፤ ክብደቱ ያለው ከቃሉ በፊት በነበረው ዝምታ ውስጥ ነው። በእኛ መድረክ ዝምታ ብዙውን ጊዜ ቃለ ተውኔት የጠፋበት ተዋናይ ምልክት ተደርጎ ይታያል። እዚህ ዝምታው ራሱ የተጠና ነው፤ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚሰበር፣ በውስጡ ስንት ሐሳብ እንደሚያልፍ ተቆጥሯል።

ከአገር መውጣቱን የምትጫወትበትም መንገድ እንዲሁ ነው። ሚልድሬድ የተወለደችበትን መንደር ትታ ዋሽንግተን የጠበበ ሰፈር ውስጥ ስትገባ አታለቅስም። ከማሳ ወደ አስፋልት የወረደ ሰው አካሄዱ እንዴት እንደሚለወጥ ታሳያለች፤ እግሯ ያጥራል፣ ትከሻዋ ይሰበሰባል፣ ልጆቿን ከመንገድ ዳር ስትጠራ ድምፅዋ ይቀጥናል። ከበዴሳ ወይም ከመቻራ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ይህን አካሄድ በራሱ እግር ያውቀዋል። ተዋናይቱ ይህን ያገኘችው ከገዛ ልጅነቷ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ጋዜጦችም ብለውታል። ነገር ግን የእውነተኛዋ ሚልድሬድ ድምፅና ምስል በ2011 በወጣው የናንሲ ቡርስኪ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ይገኛል፤ ያንን ፊልም አይቶ ወደ ሩት ትወና የሚመለስ ሰው የቨርጂኒያዋ ገጠር ሴት ቃሉን የምትጎትትበትን፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ የምትተውበትን መንገድ አንድ በአንድ ያገኘዋል። ስደት ያየ ልጅ ሁሉ እንዲህ አይጫወትም። ለዚህ ሥራ በ2017 ለኦስካር የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ታጭታለች፤ ሽልማቱ ለሌላ ቢሰጥም የሥራውን ዋጋ አይቀንስበትም።

እዚህ ላይ የጨርጨር አንባቢ ከሩት በተቃራኒ አቅጣጫ የተጓዙ አንድ ሌላ ልጅ ሊያስታውስ ይገባል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ከራስ መኮንን ጋር ዓድዋ ዘምተው፣ ከዚያ ወደ ሩሲያ ተወስደው በባዕድ ቤት አድገው፣ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሲመለሱ አማርኛቸው ተዳክሞ ነበር፤ የአገራቸውን ቋንቋ እንደ እንግዳ እንደገና ተማሩት። የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚታወቀውን፣ በእንስሳት ተረት አድርጎ የመንግሥቱን ብልሹነት የነቀፈውን «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የጻፉት እኒሁ ሰው ናቸው፤ በቤተ መንግሥት በኩል ያስከተለው ቁጣም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ጨርጨርን በገዥነት ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ በዕቅድ የቆረቆሩ እርሳቸው ናቸው። የአገራችን ተውኔት አባትና የዚህች ከተማ ቆርቋሪ አንድ ሰው መሆናቸውን በጭሮ ትምህርት ቤቶች ስንት ተማሪ ያውቅ ይሆን? ለማንኛውም፣ የአማርኛ ተውኔት የተጀመረው ቋንቋውን ከውጭ መጥቶ እንደገና በሰማ ጆሮ ነው። ሩት ነጋ እ.ኤ.አ. በ2018 በደብሊን ጌት ቴአትር፣ በያኤል ፋርበር አዘጋጅነት፣ ሐምሌትን ራሱን ስትጫወት የተደረገው ከዚህ የራቀ አልነበረም። እኛ በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ የምናውቀውን ልዑል አንዲት አዲስ አበባ የተወለደች ሴት በደብሊን ሕዝብ ፊት በቋንቋቸው ተናገረችው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ኦፊልያ የነበረችው ተዋናይት አሁን የኦፊልያን አሳዳጅ ሆነች።

ወደ ራሳችን መድረክ ስንመለስ ነገሩ ይከብዳል። በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች አንድ የኪነት ቡድን ውስጥ የሚገባ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ቋንቋ ይዞ ይመጣል፤ በቤት ኦሮምኛ፣ በገበያ አማርኛ፣ ወደ ሚኤሶ ቆላ ከወረደ ደግሞ ሶማልኛ። የሐረርጌው ኦሮምኛም የራሱ ቃና እንዳለው ተናጋሪዎቹ ያውቁታል። ይህ ሁሉ ለተዋናይ ሀብት ነው። ሆኖም በአማርኛ ፊልሞችና በቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማዎች ውስጥ ይህ ቃና ሲሰማ የሚሰማው በአብዛኛው ለማሣቅ ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛው፣ ከገጠር የመጣው ዘመድ። ሐኪሙ፣ ዳኛዋ፣ አፍቃሪው ግን የዋና ከተማውን አነጋገር ብቻ ይናገራሉ። ከጭሮ አፍ የፈታ ሐኪም፣ ከገለምሶ የወጣች ዳኛ እንደሌሉ ሁሉ! ልጁም ይህን አይቶ መድረክ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚማረው የቤቱን አፍ መደበቅ ይሆናል። አንዳንድ አሠልጣኞች ይህን «አነጋገር ማረም» ይሉታል። ማረም ግን አይደለም። አንድን አፍ ማጥፋትና ሁለተኛ አፍ መጨመር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሩት ነጋ የምትሠራው ሁለተኛውን ነው። ቴክሳስን ስትይዝ ሊመሪክን አልጣለችም፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ያዳመጣት ሁሉ አየርላንዳዊ አነጋገሯ ከእርሷ ጋር እንዳለ ይሰማል።

መደበቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ራሷ በ2021 በወጣው «ፓሲንግ» ፊልም አሳይታለች። የኔላ ላርሰንን የ1929 ልብ ወለድ መነሻ አድርጋ ሬቤካ ሆል በጥቁርና ነጭ ምስል ያዘጋጀችው ይህ ፊልም ክሌር የምትባል፣ ቆዳዋ ስለነጣ ራሷን ነጭ አስመስላ ጥቁር ለሚጠላ ባል የተዳረች ሴት ታሪክ ነው። በባሏ ፊት የክሌር ሣቅ ከፍ ያለና ፈጣን ነው፤ ጥያቄ እንዳይመጣ አስቀድሞ የሚሮጥ ሣቅ። ሐርለም ገብታ በልጅነት ወዳጇ ቤት በጥቁሮች መካከል ስትቀመጥ ግን ያው ሣቅ ዝግ ይላል፣ ከደረት ይመጣል። ተዋናይቱ አንዲትን ሴት በሁለት ሣቅ ከፍላ አስቀምጣታለች፤ የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ፊልሙ እስኪያልቅ አትነግረንም። «ትውልደ» በሚለው ቃል የሚደሰት ጋዜጠኛ ሁሉ ይህን ፊልም ቢያይ መልካም ነበር፤ የትውልድ ነገር ለሰውየው መከራም ሊሆን እንደሚችል ያይ ነበርና።

በአንዳንድ ወገን የሚሰማ ወቀሳ አለ፤ ኢትዮጵያን በሥራዋ ውስጥ አላመጣችም ይላል። ይህ ጸሐፊ አይቀበለውም። ተዋናይ የሚጫወተው የተጻፈለትን ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ወይም ከሐረርጌ የተሰደደች እናት ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበት፣ ለእርሷ አቅም የሚመጥን ጽሑፍ እኛ መቼ ጽፈን አቀረብን? ጽሑፉ ሳይኖር ተዋናይቱን መጠየቅ ያልተዘራን ማጨድ ነው።

የጽሑፍ እጦት እዚያም ቢሆን አላመለጣትም። እ.ኤ.አ. በ2024 በስምንት ክፍል የቀረበው «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት» ውስጥ ባርባራ የተባለችውን ሚስት ትጫወታለች፤ ባሏ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ከሥራ ባልደረባው ጋር የምሥጢር ፍቅር ነበረው፣ ሴትየዋ ስትገደል ተከሳሹ እርሱ ይሆናል። ድራማው ችሎቱን፣ ጠበቆቹን፣ የባልየውን ቁጣ በሰፊው ያሳየናል። ባርባራ በአብዛኛው በቤት ውስጥ እንድትጠብቅ ተደርጋለች፤ ከቡና ቤት አሳላፊ ጋር የተጀመረላት ንዑስ ታሪክ እንኳ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሩት ይህን ባዶ ቦታ በፊቷ ትሞላዋለች። ባሏ አዲስ ውሸት በነገራት ቁጥር ሳታቋርጥ ትሰማዋለች፤ ስትሰማው ደግሞ ከዚህ በፊት የነገራትን ሁሉ አስታውሳ እያመዛዘነች መሆኑ ከዓይኗ ይነበባል። ካሜራው ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ባልየው ሲዞር ተመልካቹ የባልየውን ንግግር እየሰማ እርሷ አሁን ምን እያሰበች ይሆን እያለ ይቀመጣል።